ፒዮኒ ለመድኃኒትነት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፒዮኒን ብዙ ሰው የሚያውቀው በአበባው ነው። ትልቅ፣ ድርብርብ፣ ሲያዩት ዓይን የሚሞላ አበባ። ሕክምናው ውስጥ ግን የአበባው ድርሻ ትንሽ ነው። ሰው ከ2 ሺህ ዓመት በላይ ሲቆፍር፣ ሲልጥና ሲቀቅል የኖረው ሥሩን ነው። ስለዚህ ሥር ኢንተርኔት ላይ ከሚወራው ውስጥ እውነት አለ፣ የተጋነነም አለ፣ ጤና የሚጎዳም አለ። «ፒዮኒ ይጠቅማል ወይ?» ተብሎ ብቻ ሲጠየቅ መልስ መስጠት ይከብዳል። የትኛው ፒዮኒ? የትኛው ክፍሉ? እንዴት ተዘጋጅቶ? ለምን ዓይነት ሕመም? ከታች ያሉትን መልሶች በሙሉ ይህን ይዛችሁ አንብቧቸው።

ፒዮኒ ሁሉ አንድ ነው?

አይደለም። ከ30 በላይ ዝርያዎች አሉት። አንዳንዶቹ ግንዳቸው ለስላሳ ነው፤ በብርድ ወራት ከላይ ደርቀው ሙቀቱ ሲመለስ ከሥራቸው እንደገና ያቆጠቁጣሉ። ሌሎቹ እንጨታማ ቁጥቋጦዎች ናቸው፣ የዛፍ ፒዮኒ ይባላሉ። በሕክምና ስሙ በብዛት የሚነሳው ፒዮኒያ ላክቲፍሎራ የሚባለው ለስላሳ ግንድ ያለው ዝርያ ነው። በቻይና፣ በሞንጎሊያና በሳይቤሪያ በዱር ይበቅላል። አውሮፓውያን በድሮ ጊዜ የተጠቀሙት ፒዮኒያ ኦፊሲናሊስን ነው። በሂማላያ አካባቢ ፒዮኒያ ኢሞዲ፣ በሩሲያ ደግሞ ፒዮኒያ አኖማላ አለ። ስለ አንዱ የተጠናውን ወስዶ ለሌላው መስጠት አይቻልም። ሻጮች ግን ይህን በየቀኑ ያደርጉታል።

ነጭ ሥር፣ ቀይ ሥር ሲባል ምን ማለት ነው? የአበባው ቀለም ነው?

ብዙ ሰው እንደዛ ይመስለዋል፣ ግን አይደለም። ልዩነቱ በዋናነት ከዝግጅቱ የሚመጣ ነው።

ነጩ ቻይናዎች ባይ ሻኦ የሚሉት ነው። እርሻ ላይ ለጥቂት ዓመታት የቆየ የላክቲፍሎራ ሥር ይቆፈራል፣ በፈላ ውሃ ይቀቀላል፣ ልጣጩ ይነሳል፣ ከዚያ ይደርቃል። ተቆርጦ ሲሸጥ ክብ ስስ ቁራጭ ነው። ጠንካራ ነው፤ ፊቱ ለስላሳ ሆኖ ነጣ ያለ ወይም ፈዘዝ ያለ ሮዝ ቀለም አለው፣ ከመሃሉ ወደ ዳር የሚሄዱ ስስ መስመሮችም ይታዩበታል። ሲቀመስ መረር፣ ጎምዘዝ ይላል።

ቀዩ ቺ ሻኦ ይባላል። እሱ አይላጥም፣ አይቀቀልም። ከላክቲፍሎራ ወይም ፒዮኒያ ቬይቺ ከሚባለው ዝርያ ይወሰድና ከነልጣጩ ይደርቃል። ላዩ ቡናማና የተጨማደደ ነው፣ በቀላሉም ይሰበራል።

ሦስተኛው ሙ ዳን ፒ ነው። ይህ የዛፍ ፒዮኒ ሥር ቅርፊት ነው። የደረቀው እንደ ቀጭን ቱቦ ይጠቀለላል፣ ሽታውም ጠንከር ያለ ነው። ውስጡን ብርሃን ላይ ስታዩት አንዳንዴ የሚያብረቀርቁ ጥቃቅን ነጭ ክሪስታሎች ይታያሉ። ሻጋታ መስሎት የሚጥል ሰው አለ። ክሪስታሉ ግን ፒዮኖል የሚባለው ንጥረ ነገር ነው፣ ሽታውም የሚመጣው ከሱ ነው።

በቻይና ባህላዊ ሕክምና ሦስቱም የየራሳቸው ሥራ አላቸው። ነጩ ደምን ለመመገብና ሕመም ለማስታገስ ይሰጣል። ቀዩ ሙቀት ለማብረድና የቆመ ደም ለማንቀሳቀስ ነው፣ የዛፉ ቅርፊትም ወደዚያው ያደላል። ይህ አገላለጽ የዚያ ሕክምና የራሱ ቋንቋ ነው፣ ከላቦራቶሪ የደም ምርመራ ጋር አታገናኙት። ግን አንዱ የታዘዘለት ሰው በሌላው መተካት እንደሌለበት ከዚህ ይገባችኋል።

በድሮ ጊዜ አውሮፓ ውስጥ ለምን ይጠቀሙበት ነበር?

ከሁሉ በላይ ለሚጥል በሽታ ነበር። በሁለተኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሐኪሙ ጋሌን ስለ አንድ ልጅ ጽፏል። ልጁ የፒዮኒ ሥር አንገቱ ላይ ታስሮለት ለ8 ወራት ሳይጥለው ቆየ። ሥሩ በአጋጣሚ ሲወድቅ ወዲያው ጣለው፣ መልሰው ሲያስሩለት ደህና ሆነ። ጋሌን ለማጣራት ብሎ ራሱ ሥሩን አወለቀው፣ ልጁንም እንደገና ጣለው። እኔ ይህን ታሪክ የምወደው የጥንት ሐኪም በጊዜው አቅም ሙከራ ለመሥራት ስላሰበ ነው። ግን አንድ ልጅ ነው። የሚጥል በሽታ ደግሞ በራሱ ጊዜ ይመጣል፣ በራሱ ጊዜም ፋታ ይሰጣል። ከአንድ ልጅ ተነስቶ ሥሩ ሠራ ማለት አይቻልም።

ከዚያ በፊትም ብዙ ይወራ ነበር። የግሪኩ የዕፅዋት ሊቅ ቴዎፍራስቶስ የሥር ቆፋሪዎችን ወሬ መዝግቧል። ፒዮኒን በሌሊት ነው መቆፈር ያለባችሁ፣ ቀን ላይ ፍሬውን ስትለቅሙ ግንደ ቆርቁር የሚባለው ወፍ እናንተን ካየ ዓይናችሁ ይጠፋል ይሉ ነበር። ቴዎፍራስቶስ ራሱ ይህን አላመነም፣ የተጋነነ ነገር ነው ብሎ አልፎታል። ሌላው የጥንት ግሪካዊ ሐኪም ዲዮስቆሪደስ ደግሞ ፍሬውን ለማህፀን ደም መብዛትና ለቅዠት ይሰጡ እንደነበር ጽፏል። ከብዙ ዘመን በኋላም አውሮፓ ውስጥ ጥርስ ለሚያበቅሉ ሕፃናት የፒዮኒ ፍሬ እንደ ዶቃ ተሰክቶ አንገታቸው ላይ ይንጠለጠል ነበር። ዛሬ ይህን ማንም እንዳይሞክረው፤ ክሩ ሕፃኑን ሊያንቀው ይችላል፣ ፍሬውም ጉሮሮው ላይ ሊሰነቀር ይችላል።

ታዲያ ለሚጥል በሽታ ዛሬ ልጠቀምበት?

አይ። በሰው ላይ እንደሚሠራ የሚያሳይ አስተማማኝ ማስረጃ የለም። መድኃኒቱን አቁሞ ወደ ሥር የሚሄድ ሰው ደግሞ ሕይወቱን አደጋ ላይ ይጥላል፣ ምክንያቱም የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቆም ማቆሚያ የሌለው መንቀጥቀጥ ሊከተል ይችላል። ከመድኃኒቱ ጋር ደርቦ መውሰድም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። በአይጥ ላይ በተሠራ ጥናት የፒዮኒ ሥር ፌኒቶይን የሚባለውን የሚጥል በሽታ መድኃኒት ወደ ደም መግባት አዘግይቷል። ሰው ላይ ምን ያህል እንደሚሆን ባይለካም፣ በእንዲህ ዓይነት በሽታ ላይ ቁማር አይጫወቱም።

ውስጡ ምን አለ?

ዋናው ፒዮኒፍሎሪን ይባላል። ጃፓናውያን ኬሚስቶች በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ለይተው አወጡት። ዛሬ የሥሩ ጥራት የሚለካው በሱ ነው፤ የቻይና የመድኃኒት መመዘኛ ነጩ ሥር ቢያንስ 1.6 በመቶ፣ ቀዩ ቢያንስ 1.8 በመቶ ፒዮኒፍሎሪን እንዲኖረው ይጠይቃል። ከሱ ጋር አልቢፍሎሪን የሚባል የቅርብ ዘመዱ አለ። በዛፍ ፒዮኒ ቅርፊት ውስጥ ደግሞ ፒዮኖል ጎልቶ ይወጣል።

በላቦራቶሪ ፒዮኒፍሎሪን ብግነትን ይቀንሳል፣ የተኮማተረ ጡንቻን ያላላል፣ የበሽታ መከላከያ ሴሎችንም ያረጋጋል። አንድ ነገር ግን አይረሳ። በአፍ ሲወሰድ ወደ ደም የሚገባው በጣም ጥቂቱ ነው። ብዙው አንጀት ውስጥ ይቀርና ባክቴሪያዎች ይቀይሩታል። ስለዚህ በሳህን ላይ ያሉ ሴሎች ላይ የታየ ውጤት ሰው ላይ በዚያው ልክ ይደገማል ማለት አይደለም። «ጥናት አረጋግጧል» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ መጀመሪያ ጥናቱ በምን ላይ ነው የተሠራው ብላችሁ ጠይቁ።

ለጡንቻ መሸማቀቅ ይሠራል ሲባል ሰማሁ፤ እውነት ነው?

ከሁሉም የፒዮኒ ወሬ እኔ ክብደት የምሰጠው ለዚህ ነው። ግን ፒዮኒው ብቻውን አይደለም፤ ሊኮሪስ ከሚባለው ጣፋጭ ሥር ጋር እኩል ለእኩል የሚደባለቅበት ጥንታዊ ቅመማ አለ። ዣንግ ዦንግጂንግ የሚባለው ቻይናዊ ሐኪም ከዛሬ 1 ሺህ 800 ዓመት ገደማ በፊት ጽፎት ነበር፤ ያኔም ለተኮማተረ እግር ነበር። ጃፓን ውስጥ ሻኩያኩ ካንዞ ቶ ይባላል። እዚያ ዘመናዊ ሐኪሞች ያዙታል፣ የጤና መድኅንም ይሸፍነዋል። ሌሊት ባታቸውን ለሚይዛቸው ሰዎች፣ የጉበት በሽታ ላለባቸውና የኩላሊት እጥበት ላይ ጡንቻቸው ለሚሸማቀቅባቸው ሕመምተኞች ይሰጣል። በተለይ ጉበታቸው በተጎዳ ሰዎች ላይ የተደረጉ ሙከራዎች የመሸማቀቁ ድግግሞሽ መቀነሱን አሳይተዋል። የብዙዎቹ ጥናቶች ተሳታፊዎች ጥቂት ናቸው፤ ያም ሆኖ ውጤታቸው ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳል። ደስ የሚለው ደግሞ ብዙ ሰው ላይ ቶሎ መሥራቱ ነው፣ ሳምንታት አያስጠብቅም።

አሁን ችግሩን ስሙ። ችግሩ ያለው ፒዮኒው ላይ ሳይሆን ሊኮሪሱ ላይ ነው። የጃፓኑ የተለመደው የቀን መጠን ከ6 ግራም ፒዮኒና ከ6 ግራም ሊኮሪስ የተሠራ ነው። በየቀኑ ሲወሰድ ይህን ያህል ሊኮሪስ ብዙ ነው። ሊኮሪስ ሰውነት ጨውና ውሃ እንዲይዝ፣ ፖታሲየምን ደግሞ በሽንት እንዲያስወጣ ያደርጋል። ደም ግፊት ይወጣል፣ እግር ያብጣል፣ ጡንቻ ይዝላል፣ ሲብስ የልብ ምት ይዛባል። በዕድሜ የገፉ ሰዎች፣ ሽንት የሚያሸና ኪኒን የሚወስዱና የልብ ሕመምተኞች የበለጠ ይጋለጣሉ። የሚያሳዝነው ደግሞ የፖታሲየም ማነስ ራሱ ጡንቻ ያሸማቅቃል፤ መድኃኒቱ ያመጣውን ሕመም በሽታው የባሰበት መስሎት መጠኑን የሚጨምር ሰው አለ። ስለዚህ ይህን ቅመማ መሞከር የሚፈልግ ሰው ሐኪም ዘንድ ሄዶ ግፊቱንና ፖታሲየሙን እየተለካ ይሁን፣ ሲያመው ብቻም ይውሰድ። እግር መሸማቀቅ ብዙ ምክንያት እንዳለውም አስቡ። መንስኤው የኮሌስትሮል ኪኒን ወይም የደም ሥር ችግር ከሆነ ሥር መቀቀል መፍትሔ አይሆንም።

ለመገጣጠሚያ ሕመምስ?

ሩማቶይድ አርትራይተስ ለሚባለው የመገጣጠሚያ ብግነት ቻይና ውስጥ ከነጩ ሥር የተጣራ ካፕሱል አለ። ጠቅላላ የፒዮኒ ግሉኮሳይዶች ይባላል፣ አብዛኛው ይዘቱ ፒዮኒፍሎሪን ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 እዚያ በመድኃኒትነት ተፈቀደ። ብዙ ጊዜ 0.6 ግራም በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ ይሰጣል፣ ብቻውን ሳይሆን እንደ ሜቶትሬክሴት ካሉ የበሽታው ዋና መድኃኒቶች ጋር። አብረው ሲሰጡ እብጠቱና ሕመሙ የተሻለ እንደሚቀንስ፣ የጉበት መቆጣትም እንደሚያንስ የጻፉ ሙከራዎች አሉ። ችግሩ አብዛኞቹ እዚያው ቻይና የተሠሩ፣ ትንንሽና አሠራራቸው ጠንካራ ያልሆነ መሆናቸው ነው።

ቀስ ብሎ የሚሠራ ነገር ነው፣ ለውጥ ለማየት ሳምንታት ይፈልጋል። በጣም የተለመደው የጎንዮሽ ጉዳቱ ተቅማጥ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ቀለል ያለ። ሩማቶይድ ያለበት ሰው ዋናውን መድኃኒት ትቶ በፒዮኒ ብቻ ልዳን ቢል ግን መገጣጠሚያው ይበላል። የተበላ አጥንት አይመለስም። ይህን በጣም አደራ እላለሁ።

ለወር አበባ ሕመምና ለሆርሞን ችግር?

በእስያ ፒዮኒ የሴቶች መድኃኒት ተደርጎ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ጃፓን ውስጥ ቶኪ ሻኩያኩ ሳን የሚባል 6 ዓይነት ዕፅ ያለበት ቅመማ ለወር አበባ ቁርጠት ይታዘዛል፤ እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ አንድ ሙከራም ከማስመሰያ መድኃኒት የተሻለ ማስታገሱን አሳይቷል። በማረጥ ጊዜ ለሚመጣ ድንገተኛ የሙቀት ስሜት የሚሰጥ ሌላ ቅመማም አለ፣ ኬይሺ ቡኩርዮ ጋን ይባላል፣ የዛፍ ፒዮኒ ቅርፊት ይገባበታል። እሱ አሜሪካ ውስጥ በደንብ ሲፈተሽ ከማስመሰያው አልበለጠም። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ወጣ። እንቁላል እጢ ላይ ለሚወጡ ብዙ ውሃ አዘል እብጠቶች፣ ማለትም ፒሲኦኤስ ለሚባለው፣ የፒዮኒና የሊኮሪስ ቅመማ ቴስቶስትሮን የሚባለውን ሆርሞን ቀነሰ የሚሉ ትንንሽ ጥናቶች አሉ። «ማህፀን ይከፍታል፣ ያስረግዛል» ብሎ ፒዮኒ ለሚሸጥ ሰው ግን ገንዘባችሁን አትስጡ። ያን የሚያረጋግጥ ነገር የለም።

ለጭንቀትና ለእንቅልፍ?

ሩሲያ ውስጥ ከፒዮኒያ አኖማላ በአልኮል ተዘፍዝፎ የሚወጣ ጠብታ ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ ይገዛል። እዚያ ሰው ለመረጋጋትና ለእንቅልፍ ለረጅም ጊዜ ሲጠቀምበት ኖሯል። ጥሩ ጥናት ግን አነስተኛ ነው። አልኮል ስላለው መኪና ለሚነዳ፣ ጉበቱ ለታመመ፣ አልኮል ለተወ ሰውና ለሕፃናት አይሆንም። ከእንቅልፍ ኪኒን ጋር ከተደረበ ደግሞ ድብታው ይበረታል።

የአበባውን ቅጠል አፍልቼ ሻይ ብጠጣስ?

ከኬሚካል ነፃ ከሆነ ጥቂት ቅጠል ሻይ ላይ መጨመር ብዙም አያስፈራም። ጀርመን ውስጥ ለዓመታት የሻይ ቅይጥ እንዲያምር ለቀለም ይጨመር ነበር። የመድኃኒት ዕፆችን የሚገመግመው የጀርመን ኮሚሽን ኢ ግን የኦፊሲናሊስን አበባም ሥርም ለሕክምና አልደገፈም፣ ጥቅማቸው አልተረጋገጠም በሚል። ስለዚህ ለውበት ከሆነ ይሁን። ከአበባ ሻጭ የተገዛ እቅፍ አበባ ግን በፍጹም አይፈላም፤ ብዙ ጊዜ ፀረ ተባይ ተረጭቶበታል፣ ሊበላ ታስቦም አይደለም።

ጓሮዬ ውስጥ አለ፣ ሥሩን ቆፍሬ ብጠቀም?

እኔ አልመክርም። የጓሮ ፒዮኒ አብዛኛው ለውበት የተዳቀለ ነው፣ በውስጡ ምን ያህል ፒዮኒፍሎሪን እንዳለ ማንም አያውቅም። ጥሬ ሥር ሆድ ያውካል፣ ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል። መድኃኒት የሚሆነው ሥር ዝርያው ታውቆ፣ ዕድሜው ጠብቆ፣ በአግባቡ ተዘጋጅቶ ነው። ደግሞም ተክሉ ተነቅሎ ሲተከል ማበቡን ለዓመት ለሁለት ዓመት ሊተው ይችላል።

የደረቀ ሥር ስገዛ ምን ልይ?

በጣም የነጣ ካያችሁ ጠርጥሩ። ነጩ ሥር እንዳይነቅዝና ነጥቶ እንዲያምር በድኝ ጭስ የሚታጠንበት አሠራር አለ። ድኝ ፒዮኒፍሎሪኑን ወደ ሌላ ነገር ይቀይረዋል፣ መድኃኒትነቱን ያጎድላል። ቻይና ለነጩ ሥር የሰልፈር ዳይኦክሳይድ ቅሪት በኪሎ ከ400 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ገድባለች። በቤት ውስጥ መለኪያችሁ አፍንጫችሁ ነው። ፓኬቱን ስትከፍቱት የክብሪት ጭስ የሚመስል የሚሰነፍጥ ሽታ ካለው ተዉት። አስም ያለበት ሰው ደግሞ ይህን ቀላል ነገር አድርጎ እንዳያልፈው።

ፓኬቱ ላይ የዝርያው ሙሉ የሳይንስ ስም፣ የተክሉ ክፍልና የላቦራቶሪ ምርመራ መኖሩን እዩ። «ፒዮኒ» ብቻ ከሆነ የተጻፈው ምን እንደገዛችሁ አታውቁም።

ማን መውሰድ የለበትም?

እርጉዝ ሴቶች በራሳቸው ውሳኔ አይውሰዱ። በተለይ የዛፍ ፒዮኒ ቅርፊት በቻይና ባህላዊ ሕክምናም ለእርጉዝ አይሰጥም። ፒዮኒ ያለባቸውን አንዳንድ ቅመሞች ጃፓን ውስጥ ሐኪሞች ለእርጉዝ ሊያዝዙ ይችላሉ፣ እሱ ግን የሐኪም ውሳኔ ነው። ለሚያጠቡ እናቶች በቂ መረጃ ስለሌለ ቢቀር ይሻላል።

ዋርፋሪን ወይም ሌላ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ይጠንቀቅ፣ ፒዮኒ የደም መርጋትን ሊያዘገይ ይችላልና። ቀዶ ሕክምና ያለበት ሰው ከ2 ሳምንት በፊት ማቆም ይበጀዋል፤ ለሐኪሙም ይንገር። ብዙ ሰው «ዕፅ ነው» ብሎ ሳይናገር ይቀራል። ንገሩ፣ ከተቻለ ፓኬቱን ይዛችሁ ሂዱ። ሽንት ከጠቆረ፣ ዓይን ቢጫ ከሆነ ወይም ሰውነት ካሳከከ ወዲያው አቁሙና ታዩ።

የፒዮኒ ዘይት የሚባለውስ?

ከዛፍ ፒዮኒ ፍሬ የሚጨመቅ የምግብ ዘይት ነው። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2011 ለምግብነት ፈቀደችው። 40 በመቶ ገደማው አልፋ ሊኖሌኒክ አሲድ ነው፣ ተልባ ውስጥ የሚገኘው የኦሜጋ 3 ዓይነት። ጥሩ ዘይት ነው፣ ግን የሥሩ መድኃኒት አይደለም። ለሰላጣ እንጂ ለጥብስም አይሆንም፤ ሙቀት ያበላሸዋል።

ውሻዬ ወይም ድመቴ ብትበላው?

ፒዮኖል ሆዳቸውን ያውካል። ያስመልሳሉ፣ ያስቀምጣቸዋል፣ ይደብራቸዋል። ጥቂት ቅጠል የቀመሰ ብዙውን ጊዜ በራሱ ይድናል። ሥሩን ቆፍሮ የበላ፣ ማስመለሱ ያላቆመ ወይም ውሃ መጠጣት ያቃተው ግን ወደ እንስሳት ሐኪም ይወሰድ፤ የበላውን ቁራጭም አብራችሁ ይዛችሁ ሂዱ።